በጣና ዳርቻ ድኩላ ለማየት መሬቱን አስቀድሞ ማጥናት፦ መቼ እና እንዴት

ከባሕር ዳር ወጥቶ ድኩላ ለማየት የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ካሜራውን አንግቶ፣ በቀጥታ ወደ ጥሻው በመግባቱ ነው። ድኩላ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚውል፣ በጆሮውም በአፍንጫውም እጅግ ንቁ የሆነ እንስሳ ነውና ሰው ሲቀርበው ወይ ሳይታይ ይሸሻል፣ ወይ በተኛበት ሳይነቃነቅ ያሳልፈዋል። የመጣውም ሰው «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ከእንስሳው በፊት መሬቱን መፈለግ፣ መሬቱ ከተገኘ በኋላ ምልክቶቹን ማንበብ፣ ተቀምጦ መጠበቅን ደግሞ ለመጨረሻ ማቆየት ይገባል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው አቅራቢ መነጽርና ካሜራ ይዞ ለሚወጣ ሰው ነው። ዱካ መለየት፣ ነፋስ ማየትና አድፍጦ መጠበቅ ከአዳኞች የወረስነው ዕውቀት መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ ማደን በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የሚያስቀጣ ተግባር ነው፤ የጣና አካባቢም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ድኩላውም ቢሆን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ተጓዥና የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ለሰሜኑ ድኩላ ሳይንሳዊ መጠሪያ ሲያወጣለት «ዴኩላ» ያለው የአገሬውን ቃል እንዳለ ወስዶ ነው። በራሳችን ቃል በዓለም የሚጠራ እንስሳ በራሳችን ደጅ እየጠፋ እንዳይሄድ ማየትና ማወቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሁለቱ እንስሳት ማወቅ የሚገባው

በዚህ አካባቢ ሲፈለግ የሚገኘው ድኩላ ብቻ ሳይሆን ሚዳቋም ስለሆነ ሁለቱን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ድኩላ ተለቅ ያለ ነው፤ ወንዱ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ጠምዘዝ ያለ ቀንድ ሲኖረው፣ ሴቷ ቀንድ የላትም፣ መልኳም ወደ ቀይ ያደላል። በጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብና ሰረዝ አለው፤ ሲሸሽ ጅራቱን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ነጭ ያሳያል፤ ሲደነግጥም እንደ ውሻ ጠንከር አድርጎ ይጮኻል። ሚዳቋ ግን ከ12 እስከ 25 ኪሎ ግራም የምትመዝን ትንሽ እንስሳ ናት፤ ስትሸሽ ጎንበስ ብላ እየጠማዘዘች ወደ ቁጥቋጦ ትሰወራለች። ድኩላ ጥቅጥቅ ያለ ጥሻና ውኃ ያለበትን ቦታ ይመርጣል፤ ሚዳቋ ከዚያ ይልቅ ሳሳ ባለ ቁጥቋጦና በእርሻ ዳር ትገኛለች፤ እርጥበትንም ከምትበላው ቅጠልና ፍሬ ስለምታገኝ ውኃ ሳትጠጣ ብዙ መቆየት ትችላለች። ሁለቱም በዋናነት ቅጠል፣ ቡቃያና ፍሬ እየቀነጠቡ የሚኖሩ ናቸውና ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ መፈለግ ድካም ነው።

መቼ ይቃኛል?

ወቅቱ ሥራውን ይወስነዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናቡ ዱካውን በየቀኑ ስለሚያጥበው፣ መንገዱም ጭቃ ስለሚሆን ጊዜው ለቅኝት አይመችም። በመስከረምና በጥቅምት ሐይቁ ከፍ ይላል፣ ሣሩም ከወገብ በላይ ይደርሳል፤ እንስሳው ባይታይም በሣሩ ውስጥ የሚመላለስበት መንገድ እንደ ዋሻ ጎድጉዶ ቁልጭ ብሎ ይታያልና ይህንን መዝግቦ ማቆየት ይጠቅማል። ከኅዳር ጀምሮ እህሉ ሲታጨድ በእርሻው ውስጥ ይሸሸግ የነበረው ሁሉ ወደ ደን ዳር ይሰበሰባል።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ከጥር እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። በበጋው መካከል አረንጓዴ ቅጠልና ውኃ የሚገኙት በሐይቁ ዳርና በጅረት ግራና ቀኝ ብቻ ስለሆነ እንስሳቱ ወደ እነዚህ ቦታዎች ይጠጋሉ፣ ፈላጊውም የሚያስሰው መሬት ይጠብለታል። በሌላ በኩል ሐይቁ ከጥቅምት በኋላ እየሸሸ ሄዶ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ሲደርስ የተጋለጠው ለስላሳ ጭቃ ሌሊት ያለፈውን ሁሉ ይመዘግባል። በሚያዝያና በግንቦት የሚወርደው አልፎ አልፎ የሚመጣ ዝናብ ደግሞ የቆየውን ዱካ ስለሚያጠፋው፣ ከዝናቡ ማግሥት የሚታየው ኮቴ ሁሉ የትናንት ሌሊት መሆኑን በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። በዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ የሚወጣ ሰው ቢኖር በግንቦት ከዘነበ በማግሥቱ እንዲወጣ እመክረዋለሁ።

የቀኑን ሰዓት በተመለከተ፣ ቅኝትና ጥበቃ በአንድ ሰዓት አይሠሩም። ድኩላ በብዛት የሚንቀሳቀሰው በማለዳ፣ በምሽትና በሌሊት ሲሆን ፀሐይ ስትጠነክር ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል። ስለዚህ መሬቱ የሚቃኘው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከጥሻው ውጭ ውጭውን በመዞር ነው። ጥበቃው ደግሞ በሌላ ቀን ከንጋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስኪመሽ ይሆናል።

ከቤት ሳይወጡ የሚሠራው ሥራ

በስልክ ላይ ያለውን የሳተላይት ካርታ ከፍቶ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው የሚታዩትን ቦታዎች መለየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በአካባቢያችን እነዚህ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው፤ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የቡና ደን፣ ከሐይቁ መውጫ ጀምሮ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደው የዓባይ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም በእርሻ መካከል እንደ ደሴት የቀሩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች። በእነዚህ ሁሉ ድኩላ አለ ማለት አይደለም፤ መፈለግ የሚጀመርባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው ማለት ነው።

ከዚያ በወረቀት ላይ በእጅ ንድፍ ይሣላል። በንድፉ ላይ ደኑ የሚያልቅበት ጠርዝ፣ ውኃው፣ የሰው መንገድ፣ የከብት ማጠጫውና የፍሬ ዛፎች ምልክት ይደረግባቸዋል። ትኩረት የሚሰጠው ለጠርዙ ነው፤ ጥሻው ከእርሻ ጋር፣ ደኑ ከደንገል ጋር፣ ቁጥቋጦው ከጅረት ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ መሸሸጊያና መብል ጎን ለጎን ስለሚገኙ እንስሳው ቀኑን ከሚያሳልፍበት ወጥቶ ወደሚበላበት ሲሄድ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሁለት ጠርዞች የሚገናኙበት ማዕዘን ካለ ያንን አስምሩበት።

ሰው መጠየቅና ማስፈቀድ

ይህ እርምጃ ከካርታውም ከዱካውም በላይ ጊዜ ያተርፋል። የአገሩን መሬት የሚያውቁት እረኞች፣ የቡና ጠባቂዎችና በደንገል ታንኳ የሚመላለሱ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አጠያየቁ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እዚህ ድኩላ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው እንግዳውን ላለማሳዘን «አዎ፣ ሞልቷል» ይላል። «ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው? ከወዴት ወጥቶ ወዴት ገባ? ምን ሲበላ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ያየው ሰው ቦታውን በጣቱ ያሳያል፣ ያላየውም አላየሁም ይላል። የጓሮውን አደንጓሬ ወይም ጎመን ድኩላ የበላበት አርሶ አደር ደግሞ ሰዓቱንና መግቢያውን ጭምር ይነግራል፤ ብሶቱን በትዕግሥት ማዳመጥም ተገቢ ነው።

በገዳማት ደን ውስጥ ለመቃኘት ከአበምኔቱ ወይም ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። «አባታችን፣ ይባርኩኝ» ብሎ ቀርቦ ዓላማን በግልጽ መናገር በቂ ነው፤ የሚፈቀደውና የማይፈቀደው ቦታ የትኛው እንደሆነ እርሳቸው ይነግራሉ። እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉ ገዳማት ሴቶች እንደማይገቡም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በሌላው ቦታ ደግሞ ለባለ ይዞታውና ለቀበሌው አስተዳደር ማሳወቅ ይገባል፤ መነጽር ይዞ ቁጥቋጦ ሥር የተደበቀ የማይታወቅ ሰው ጥርጣሬን ቢያስነሣ የአካባቢው ሰው አይፈረድበትም።

ዘጌ ለጀማሪ የሚመከርበት አንድ ምክንያት አለ። የዘጌ ገዳም መሥራች ናቸው ከሚባሉት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ በቆየው ሥርዓት መሠረት በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ስለሆነና ከብትም ስለማይበዛ፣ በመሬቱ ላይ የሚታየው ኮቴ እንደ ሌላው አገር በመንጋ ዱካ የተሸፈነ አይደለም።

ምልክቶቹን ማንበብ

በመጀመሪያ ኮቴ። የድኩላ ኮቴ ሁለት ጣት ያለው፣ ወደ ፊት እየጠበበ የሚሾል፣ ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አሻራ ያትማል፤ የሚዳቋ ከ4 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አስቸጋሪው ድኩላን ከፍየል መለየት ነው። እኔ ራሴ በጀመርኩበት ዓመት ሁለት ሳምንት ሙሉ የመዘገብኩት ዱካ የጎረቤት ፍየሎች ሆኖ ተገኝቷል። የፍየል ኮቴ ጫፉ ደነዝ፣ ስፋቱ ከርዝመቱ ጋር የተቀራረበ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ፍየል ብቻዋን አትሄድም፣ ዱካዋም ከሌሎች ጋር ተደራርቦና ተበታትኖ ይገኛል። የድኩላ ዱካ ነጠላ መስመር ነው፤ ከጥሻ ወጥቶ፣ ቆም ብሎ፣ ቀጥሎ ይሄዳል። ልኬቱን ለማስታወስ አሻራው አጠገብ እስክሪብቶ አጋድሞ ፎቶ ማንሣት ጥሩ ልማድ ነው።

ቀጥሎ የተቀነጠበ ቅጠል። የሚያመሰኩ እንስሳት ላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌላቸው ቅርንጫፉን ይዘው ይቦጭቁታል፤ ስለዚህ የተበላው ጫፍ የተተለተለ ይሆናል። ጥንቸል የበላችው ግን በቢላዋ እንደተቆረጠ ሰያፍና ንጹሕ ነው። ቁመቱም ይናገራል፤ ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ ከፍ ብላ ስለምትበላ የቁጥቋጦውን ሥር ብቻ ሳይሆን ላዩንም ታራቁተዋለች፣ ድኩላ ግን ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ከፍታ እዚህም እዚያም እየመረጠ ጥቂት ጥቂት ቀንጥቦ ያልፋል።

በጠጡ ከፍየል ጋር ስለሚመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጠቀሜታው ትኩስነትን በማሳየቱ ነው። ላዩ የሚያብረቀርቅና ሲጫኑት የሚለጠጥ ከሆነ የዚያኑ ሌሊት ነው፤ በበጋ ፀሐይ ግን ቶሎ ይደርቃል። በደረቅ መሬት ላይ ለሚገኝ መንገድ ሌላ መለኪያ አለ። በማለዳ በመንገዱ ላይ በጉልበት ከፍታ የተዘረጋ የሸረሪት ድር ሳይበጠስ ካለ በዚያ ሌሊት ምንም አላለፈም። ጤዛ ባዘለ ሣር ላይ ደግሞ እንስሳው ያለፈበት መስመር ጤዛው ረግፎ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ይህ ምልክት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብዙ ስለማይቆይ ቶሎ መታየት አለበት።

ወንዱ ድኩላ ቀንዱን በቁጥቋጦና በአፈር ላይ ያሻሻል፤ የተላጠ ለጋ ግንድና የተጫረ አፈር ባንድ ላይ ሲገኙ ትኩረት ይገባቸዋል። ከቁጥቋጦ ሥር እንቁላል ቅርጽ ይዞ የተኛ ሣር የመኝታው ቦታ ነው። መኝታ ሲገኝ አንድም እርምጃ ሳይጨምሩ በመጡበት ተመልሰው መውጣት ይገባል።

የፍሬ ዛፎችን በተለይ ማየት ያስፈልጋል። ሾላና ዋርካ ሲያፈሩ ጦጣዎቹ ከላይ ሆነው ግማሹን እየበሉ ግማሹን ይጥላሉ፤ ድኩላም ከሥር መጥቶ የወደቀውን ይለቅማል። ስለዚህ ጦጣ የሚበዛበትን ያፈራ ሾላ ያገኘ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ግማሹን አግኝቷል። ዶቅማና አጋም ሲደርሱም እንዲሁ ሥራቸውን መመልከት ነው። ዛፉ ፍሬውን ሲጨርስ እንስሳው መምጣቱን ስለሚያቆም የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር እንዳፈራ በማስታወሻ መያዝ ለከርሞ ይረዳል።

ነፋሱ

የተነበበው ምልክት ሁሉ ትክክል ሆኖ ነፋሱ ከተሳሳተ ድካሙ ከንቱ ነው። እንስሳው የሰውን ጠረን ከሩቅ ይለያልና የሚቀመጡበት ቦታ የሚመረጠው በነፋሱ አቅጣጫ ብቻ ነው። በጣና ዳር ደግሞ ነፋሱ ሥርዓት አለው። ቀን መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት መሬቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ተገልብጦ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይሆናል፣ ይኸውም እስከ ማለዳ ይዘልቃል። ከዚህ የሚከተለው የአቀማመጥ ሕግ ግልጽ ነው፤ በማለዳ የሚጠብቅ ሰው ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ፊቱን ወደ የብስ ያዞራል፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠብቅ ሰው ከየብስ በኩል ሆኖ ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል። ስለሆነም ለአንድ መንገድ ሁለት መቀመጫ፣ አንዱ ለጠዋት ሌላው ለማታ፣ በቅኝቱ ጊዜ ይመረጣል።

ይህ ሕግ ቀጥ ባለ ዳርቻ ላይ በደንብ ይሠራል። ውኃ በብዙ ወገን በከበበው በዘጌና በኮረብታ ጥግ ግን ነፋሱ ይዞራልና በየቦታው መፈተን ያስፈልጋል። ለመፈተኛ ከምድጃ የተነፋ ደቃቅ አመድ በትንሽ ጨርቅ ቋጥሮ መያዝና ቆንጠር አድርጎ መልቀቅ ከሁሉ ይሻላል፤ አመዱ የሄደበት ጠረንዎም የሚሄድበት ነው። በማስታወሻው ላይ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጎን ለጎን ይጻፉ።

ራስን መጠበቅ

በሐይቁ ዳርና በዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወደ የብስ ወጥቶ ማለዳ ወደ ውኃው ስለሚመለስ፣ ለድኩላ ጥበቃ የሚመረጠው ሰዓትና የጉማሬው መመለሻ አንድ ናቸው። ሰፊ፣ አራት ጣት ያለው ዱካ በሚታይበትና ሣሩ ተረግጦ ሰፊ ጎዳና በሆነበት ቦታ በጎዳናውና በውኃው መካከል ፈጽሞ አይቀመጡ፤ ሌላ ቦታ ይምረጡ። በባዶ እግር ወደ ሐይቁ ጭቃና ውኃ መግባትም ለቢልሃርዚያ ስለሚያጋልጥ ቦት ጫማ መልበስ ይገባል። ብቻ መውጣት አይመከርም፤ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተ ሰብ መንገርም አይዘንጋ።

መቀመጫውን መምረጥና የመጀመሪያው ጥበቃ

አንድን ቦታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት፣ ሳይጎበኙ ለጥበቃ መቀመጥ አይገባም። በመጀመሪያው ቀን የተገኘ ትኩስ ዱካ እንስሳው አንድ ጊዜ ማለፉን ብቻ ያሳያል፤ በሦስቱም ቀን ትኩስ ሆኖ የተገኘ መንገድ ግን የዘወትር መመላለሻው ነው። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ በእንስሳው መንገድ ላይ መሄድ ክልክል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጥሩ መንገድ አግኝቼ ምልክቱን በየቀኑ ለማየት ስል በዚያው ላይ ተመላልሼበት፣ በሳምንቱ ድኩላው መንገዱን ትቶት አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ከመንገዱ ጎን ለጎን አሥር እርምጃ ያህል ርቄ እሄዳለሁ፣ ማቋረጡ የግድ ሲሆን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀጥ ብዬ አቋርጠዋለሁ።

እንቅስቃሴ ሲያይ ራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ያለው ሰው በባለ ይዞታው ፈቃድ ከመንገዱ ሦስት ወይም አራት ሜትር ያህል ርቆ፣ በጉልበት ከፍታ፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አዙሮ ሊያስር ይችላል፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የዞረ ካሜራ በፀሐይ መውጫና መግቢያ ፎቶው ሁሉ ይነጣበታል።

መቀመጫው ከመንገዱ ከ40 እስከ 60 እርምጃ የራቀ፣ ከኋላው ሰፊ ግንድ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሰንሰል ያለው፣ ወደ እርሱ የሚያስገባውም መንገድ እንስሳው ከሚተኛበት ጋር የማይገናኝ ይሁን። ለመቀመጥ ከመምጣትዎ በፊት በቅኝቱ ቀን ከሥሩ ያለውን ደረቅ ቅጠል ጠርገው፣ ፊት ለፊት የሚጋርደውን አንድ ሁለት ቀንበጥ ብቻ አጠፍ አድርገው ይሂዱ፤ ቅርንጫፍ መቁረጥ አያስፈልግም፣ በገዳም ደን ውስጥ ደግሞ ነውር ነው። በጥበቃው ቀን ከንጋት ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ሲደርሱ አመዱን ይፈትኑ፤ ነፋሱ ወደ ጥሻው የሚሄድ ከሆነ ሳይቀመጡ ይመለሱ።

ድኩላው ከወጣ በኋላ ፎቶ ቢያነሡም ባያነሡም እርሱ ራሱ ከዓይን እስኪሰወር አይነሡ። ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው በመጡበት ይውጡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ ከየት እንደወጣና ምን እንደበላ እዚያው ይመዝግቡ። የቦታውን ስም ከፎቶው ጋር ለሕዝብ አያውጡ፤ ውሻ አስከትለው የሚመጡ ሕገ ወጥ አዳኞችም ያንኑ ፎቶ ያያሉ።